ለድሃ፣ ለመጻተኛ፣ ለጃርት

ወይናምባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜና ለመምህሬ ለጋሼ አንዳርጌ፣

ይህ ወረቀት ዓይንዎ እያነበበ፣ ጉልበትዎ እየታዘዘ፣ ቤትዎ ሰላም ሆኖ ያግኝዎ። ከአሽዶድ ባሕር የሚነሣው ንፋስ በደግ ይንፈስብዎ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ።

ስልኩን እንደሚያውቁት ነው። አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይጠፋል፤ የሠራ ዕለትም «ትሰሚኛለሽ?» «ይሰሙኛል?» ስንባባል ያልቃል። ዮኬቤድ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ጎንደር መጥታ ወደ አሽዶድ ልትመለስ ነው ሲሉኝ በእጇ ልላክ ብዬ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። ፊደሌ ተንጋዶ ካገኙት ያስተማሩኝ አንቱ ነዎትና ራስዎን ይውቀሱ።

ጉዳዬ አንድ ነው። የእናቶቻችንን ዱባ ያስታውሱታል፣ ከራሚውን። ያ ግራጫው፣ ቅርፊቱ እንደ ቅል የሚጠነክረው፣ ዓመቱን ሙሉ ከመደብ ሥር ተቀምጦ የማይበሰብሰው፣ ጎተራው ሲራቆት በነሐሴ የሚቆረጠው። በመንደሩ የነበረው ሁሉ ከገበያ ዱባ ጋር ተዳቅሎ ጠፍቷል። ንጹሑ ዘር የቀረው እኔ ጓሮና አንቱ ዘንድ ብቻ ነው፤ ለእናትዎ መቃብር የመጡ ጊዜ ከጓሮዬ የወሰዱት ማለቴ ነው።

ዘንድሮ የኔን ጦጣና ጃርት ጨረሱት። ለዘር የምትሆን አንዲት ፍሬ አልተረፈችኝም። ስለዚህ እባክዎ አንድ እፍኝ ዘር ይላኩልኝ። የምዘራው ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀማምር ነው፤ እስከዚያ ቢደርስ ይበቃኛል። ሌላ የምፈልገው የለም።

አገሩ ደህና ነው። የሚወራውን ሁሉ አይስሙ።

ጤናዎን የምትሻ እህትዎ፣
ሀረግ


አሽዶድ፣ ሮቫ ዳሌት፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2021

ለእህቴ ለሀረግ፣

የአባቶቻችን አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ፤ ማሳሽን ከአረም፣ ልብሽን ከሐሳብ ይለይልሽ። በስግድ በዓላችን ዕለት ቄሶቹ ኦሪቱን ሲያነቡ የእናትሽንና የእናቴን ስም ጎን ለጎን አድርጌ አሰብሁ። ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። በቀይ አላረምሁትም፤ የሚታረም አልነበረውም። የዘሩን ነገር ግን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ፤ ከመካከል ብጀምርልሽ መልሴ ሰበብ ይመስልሻል።

የምኖረው ምድር ቤት ነው። ከወጥ ቤቴ መስኮት ኋላ አንዲት ቁራጭ መሬት አለች፤ የሕንፃው ነዋሪ ማንም ስላልፈለጋት ለኔ ተዋት። ከአንቺ ጓሮ ያመጣሁትን ከራሚ በየዓመቱ እዚያ እዘራለሁ። ከምርቱም ጥሩ ጥሩውን ፍሬ አድርቄ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ። ዘንድሮም አስቀምጬ ነበር። የልጄ የጋሊት ባል ኤሊራን ኳስ ሊያይ እኛ ቤት መጣ። እዚህ አገር የዱባ ፍሬ በጨው ቆልተው እየቀረጠፉ ኳስ ያያሉ፤ ጋሪኒም ይሉታል። ጠርሙሱን ከመደርደሪያዬ አውርዶ፣ ቆልቶ፣ በላው። ስጠይቀው «አባ፣ ጋሪኒም መስሎኝ እኮ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ግን እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም፤ ከየትኛው ሱቅ ነው የገዛኸው?» አለ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አንቱ ማለት አያውቅም፣ ዘርም ከሱቅ የሚወለድ ይመስለዋል።

እንደገና ልዝራ እንዳልል ዘንድሮ ሰባተኛው ዓመት ነው፣ ሽሚጣ። በዚህች አገር መሬት ታርፋለች፤ አይታረስም፣ አይዘራም። ያለኝ ዓመቱ ሳይገባ ዘርቼው የበቀለው ብቻ ነው። እሱም ገና ለጋ ነው፤ ቅርፊቱ ካልደነደነ ፍሬው ለዘር አይሆንም።

በዚህ ላይ ጃርት መጣብኝ። ከከተማው ዳር ካለው የአሸዋ ሜዳ ነው የሚመጣ። ጠዋት መስኮት ስከፍት የተቦረቦረ ዱባና ወስፌ የሚያህል እሾህ መሬት ላይ ወድቆ አገኛለሁ። መምታትም ማጥመድም አይቻልም፤ ሕግ የሚጠብቀው አውሬ ነው። የሽቦ አጥር ሠራሁ፤ ሥሩን ፈልፍሎ ገባ። ድንጋይ ቀበርሁ፤ በሌላ ጎን ገባ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ጎህ ሲቀድ መስኮቱ ላይ ነኝ። ምሳ ስበላ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ወጥቼ አያለሁ፣ በቀን እንደማይመጣ እያወቅሁ። በሰባተኛው ዓመት አጥር ማጠር ይፈቀድ እንደሆን ገና ማንንም አልጠየቅሁም። መልሱን ሳልፈራው አልቀርም።

አንቺ ጃርትን የምትከላከይበትን ዘዴ ጻፊልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። ጦጣ ዱባ ሲበላ ግማሹን ይበትናል። ጃርትም የሚፈልገው ሥጋውን ነው፤ የኔው እንኳ ፍሬውን መሬት ላይ ዘርቶት ይሄዳል፣ ለጋ ሆነብኝ እንጂ። የአንቺ የደረሰ ነበር። ታዲያ ከመሬት የሚለቀም አንዲት ፍሬ እንዴት ታጣ?

መልስሽን የሚጠብቅ ወንድምሽ፣
አንዳርጌ


ወይናምባ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ አንዳርጌ፣

የጠዋት ፀሐይ በመስኮትዎ፣ ጤና በአልጋዎ ይግባ። ጃርቱንም መንገድ ያሳስትልዎ።

መልሴ የዘገየው ሰው አጥቼ ነው፤ አሁን ወደ ከተማ የሚዘልቅ ሰው እንደ ቀድሞው የለም። የኤሊራንን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ደነገጥሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። አይቆጡት። ጣፍጦት በላ፤ ከዚህ የከፋ ስንት አለ።

አንቱ ወይናምባ ሲያስተምሩ የሚጠብቁት እኛን እንጂ ጓሮ አልነበረም፤ ስለዚህ ከሀ ጀምሬ እነግርዎታለሁ፣ እንዳይስቁብኝ። ደረቅ ኩበት ይፈልጉ። በአሮጌ ቆርቆሮ ያድርጉትና ፍም ያስነኩት፤ እንዲነድ አይደለም፣ እንዲጨስ ነው። በላዩ የደረቀ በርበሬ ከነፍሬው ይበትኑበት። ቆርቆሮውን ንፋሱ ከሚመጣበት ጎን ያስቀምጡት፣ ጢሱ ሐረጉን ሁሉ አልብሶ እንዲያልፍ። ጃርት የሚሄደው በአፍንጫው ነው፤ ያ ሽታ ካለበት አይደርስም። እኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምናጨሰው። በዚህ ዘዴ ስንት ዓመት ድንች አብልተን አናውቅም።

መሬት ላይ ፍሬ እንዴት ታጣ ላሉት፣ የዘንድሮ ጦጣ የተራበ ነበር። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የጋሊት ልጆች የጠበባቸው ሹራብ ካለ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ። ብርዱ ዘንድሮ ከብዷል። ትንንሽ ቢሆንም ግድ የለም። እንዲያውም ትንንሽ ቢሆን ይሻላል።

የዘሩን ነገር አደራ።

እህትዎ ሀረግ


አሽዶድ፣ ጃኑዋሪ 23 ቀን 2022

ለእህቴ ለሀረግ፣

ብርዱን የሚያሞቅ፣ የራቀውን የሚያቀርብ አምላክ ከቤትሽ አይለይ። እኛ ጤና ነን፤ ሳል ካልቆጠርሽው።

ሳሉ የመጣው ከአንቺ ደብዳቤ ነው። እንዳልሽው አደረግሁ፣ አንድም አላጓደልሁ። ኩበቱን ኤሊራን ከከተማ ውጭ ካለ የከብት ርቢ በአዲሱ መኪናው አመጣልኝ፤ ጋሪኒሙን እንድረሳለት ብሎ ነው። በርበሬውን ከሹክ ገዛሁ፤ ሹክ የምንለው ገበያውን ነው። ንፋሱን ለካሁ፤ ከባሕር በኩል ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለኮስሁት። ያላሰብሁት አንድ ነገር ነው፦ በወይናምባ ከጓሮው ኋላ ገደል ነው፣ እዚህ ከጓሮው በላይ ፎቅ ነው። ጢሱ ሐረጌን አልብሶ ግድግዳውን ይዞ ወጣ።

ራሕሚም የሚባል ሽማግሌ ከላዬ ይኖራል፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ሹም እሱ ነው። ፎጣ በአፉ ይዞ ከሰገነቱ ብቅ አለ።

«አንዳርጌ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ጃርት እያባረርሁ ነው።»

«ጃርቱ ሄዷል። እኔም ሻንጣዬን ልያዝ?»

የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ከወረዱት አንዱ የኛው ልጅ ነበር፤ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በዕብራይስጡ መካከል «አባ፣ በርበሬ ነው አይደል?» አለኝና ማስነጠስ ጀመረ። እያስነጠሰ አጠፋው። ጃርቱ በማግሥቱ መጥቶ አንድ ዱባ በላ።

ራሕሚም ግን ሲረጋጋ ወርዶ አጥሬን አየና «ሽሚጣ አይደለም እንዴ? ሽቦው ምንድን ነው?» አለኝ። የፈራሁትን ጥያቄ እሱ ጠየቀኝ። ሄጄ ራቢውን ጠየቅሁ። በሰባተኛው ዓመት የበቀለ የማንም ነው፤ ድሃም አውሬም እንዳይገባ አጥር አይታጠርም አለኝ። ሽቦውን በገዛ እጄ ነቀልሁ። ከዚያ በኋላ ጃርቱ በተከፈተ በር እንደሚገባ ዘመድ እየተመላለሰ ጨረሰው። አንዲት ብቻ ከጋዙ ሲሊንደር ጀርባ ተደብቃ ተረፈች። ቅርፊቷ ደንድኖ ቆርጬ አስገባኋት፤ ለቤት መብል መውሰድ ይፈቀዳል። አሁን ወጥ ቤቴ ውስጥ ናት። በውስጧ ለአንቺ የሚበቃ ዘር አለ።

ነገር ግን ራቢው የሰባተኛው ዓመት ፍሬ ከአገር አይወጣም አለኝ። እንቅልፍ ነሣኝ። ወደ ቄሳችን ሄድሁ። እሳቸው «ራቢው ያለው ሕግ ነው፤ እኔ የማውቀው ኦሪቱን ነው» ብለው ኦሪቱን ገለጡልኝ። «የሕዝብህ ድሆች ይብሉት፣ እነሱ የተዉትን የዱር አውሬ ይብላው» ይላል። ተራ አለው፤ ድሃ ይቀድማል፣ አውሬ ይከተላል። ለድሃ ከሆነ ወደ ራቢው ተመልሼ ልከራከርልህ እችላለሁ አሉኝ። ከዚያ «ሴትዮዋ ድሃ ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኋቸው። «ነግራኝ አታውቅም።»

«እንግዲያ ጠይቃት።»

ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው። የምትበይው ካነሰሽ በግልጽ ጻፊልኝ። ከአንድ ቃል በላይ አያስፈልገኝም፤ ቃሉን ግን እኔ ላንቺ መጻፍ አልችልም።

ሹራቦቹን ልኬያለሁ። ልጆችሽ አድገው ወልደው ከቤት ወጥተዋል፤ ባልሽ ካረፈ ወዲህ ብቻሽን እንደሆንሽ ነው የማውቀው። ሹራቡ ለማን ነው?

ወንድምሽ አንዳርጌ


አሽዶድ፣ ማርች 6 ቀን 2022

ለእህቴ ለሀረግ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ።

ከአንቺ ምንም አልመጣም። ከጎንደር የመጣ ሰው ሁሉ ጋር ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ወደ ወይናምባ የደረሰ የለም። ከስሜን በኩል ስለተፈናቀለው ሕዝብ ይነግሩኛል፣ አንቺ ደግሞ የሚወራውን አይስሙ ብለሽኛል። እኔ ምን ልስማ?

እግሬ አልቀመጥ ብሎኛል። እስከ ማሪና ወርጄ ጀልባዎቹን አይቼ፣ ምን እንዳየሁ ሳላውቅ እመለሳለሁ። ስመለስ ዱባዋን አነሣና ሥሯ እንዳልረጠበ በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ። ጋሊት «አባ፣ ሕፃን ነች እንዴ?» ትለኛለች። ጃርቱ አሁን አይመጣም፤ የሚበላው የለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያም ጭንቅ ሆኖብኛል።

ጥያቄዬ ከብዶሽ ከሆነ ተይው። ግን ተይው ብዬ ዝም ብል ግንቦት ይደርሳል። ደህና ነኝ ብቻ ብለሽ ጻፊ።

አንዳርጌ


ወይናምባ፣ መጋቢት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ አንዳርጌ፣

ሐሳብዎን የሚያሳርፍ ጌታ ይጎብኝዎ። ደህና ነኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ባንድ ቀን ነው የደረሱኝ። ግን ባይዘገዩም ኖሮ ቶሎ የምመልስ አይመስለኝም። አንዱን አንብቤ ተናደድሁ፣ ሁለተኛውን አንብቤ አፈርሁ። አሁን ሁለቱም በርዶልኛል።

ድሃ ነኝ ብዬ አልጽፍም። ድሃ በበሬ መጥቶ አይቼዋለሁ፤ መልኩን አውቀዋለሁ፣ የኔ መልክ አይደለም።

ጦጣ አልነበረም ጋሼ። ጃርትም አልነበረም። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ከስሜን ያፈናቀላቸው ሰዎች በዚህ አለፉ፣ መጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላ መንገዱ ሙሉ። በአጥሬ ላይ ቆመው ዱባውን አዩት። አንዳቸውም እጁን አልሰደደም፤ ቆመው አዩት ብቻ። እኔ በሩን ከፈትሁ። የደረሰውንም ለጋውንም ቆረጥን፣ በትልቁ ብረት ድስት ቀቀልን። ፍሬውን ደግሞ ቆልተን ለመንገድ በልጆቹ ኪስ ጨመርንላቸው። ለዘር ላስቀር ብዬ ያዝ ያደረግሁት ነበር፤ አንዲት እናት ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር ወደ ኋላ ቀርታ መጣችና እሱንም ሰጠሁ። እነሱ ከዚያ ወዲያ አልሄዱም፣ እኔ ጋ ናቸው። ሹራቡ ለልጆቹ ነው። ልክ ሆኗቸዋል፤ አንደኛዋ በላዩ ላይ የተጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ትጠይቅዎታለች።

ሰው በላው ብዬ ብጽፍ ክስ መሰለብኝ። እዚያ ተቀምጠው አንቱም ይጨነቃሉ። ጦጣ ብል ይቀላል አልሁ። አሁን ሳስበው እኒያን ሰዎች ጦጣ ማለቴ ነው፤ እሱ ነው የቆጨኝ፣ ዱባው አይደለም።

ከደብዳቤዎ አንድ ነገር ደጋግሜ አነበብሁ። ኦሪቱ «የሕዝብህ ድሆች» ነው የሚለው። እኔ ክርስቲያን አግብቼ ዘመድ ሁሉ ሲሄድ እዚህ የቀረሁ ነኝ። ቄሱ ድሃ ናት ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ከሕዝብህ ናት ወይ ብለው አልጠየቁም? ወይስ ጠይቀው አንቱ ተዉልኝ?

ዱባውን ለጃርትዎ ይስጡት። የመጣው በተከፈተ በር ነው፤ ጥፋት የለበትም።

ሀረግ


አሽዶድ፣ ሜይ 1 ቀን 2022

ለእህቴ ለሀረግ፣

በርሽን ለከፈትሽላቸው ሁሉ እንደከፈትሽ፣ አምላክ የዝናቡን በር ይክፈትልሽ።

በመጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ቄሱ ጠይቀውኝ ነበር። የእናቴ የእህት ልጅ ናት አልኋቸው። ሌላ አልጠየቁም። በደብዳቤው አለመጻፌ ጥያቄው ራሱ እንዳይደርስሽ ብዬ ነው፤ ደረሰሽ።

ድሃ ናት ብዬ አልሄድሁም። ስለ ራስሽ የጻፍሽልኝን ለማንም አላነበብሁም። ዱባዋ ግን እዚህ ልትቆይ እንደማትችል ከራቢው ሰማሁ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ አንድ ፍሬ ወቅቱ አልፎ ለአውሬው ከሜዳ ካለቀ፣ ሰውም በቤቱ ከልሎ ሊያስቀምጠው አይገባም። አውሬው ሳይኖረው አንተ አይኖርህም። ወደ ደጅ አውጥተህ በሦስት ሰው ፊት የማንም ነው ትላለህ፤ ከዚያ ያነሣው ይወስደዋል። ጃርቱ ለምን መምጣት እንደተወ ያን ጊዜ ገባኝ። ከሜዳው አልቆበታል፤ ያለችው እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች።

ሦስት ሰው ጠራሁ፦ ራሕሚምን፣ ኤሊራንን፣ እህቷን ልታስታምም ነገ ወደ ጎንደር የምትመለሰውን ዮኬቤድን። ከመግቢያው ፊት ባለው አጭር ግንብ ላይ ዱባዋን አስቀመጥሁ። የምለውን በልቤ ሳጠና ሰንብቼ ነበር።

«ይህ የኔ አይደለም» አልሁ። «ለድሃ፣ ለመጻተኛ፣ ለጃርት፣ ለማንም ነው።»

ኤሊራን «ለጃርትም?» አለ።

«ለጃርትም።»

«አባ፣ ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ለምን ስታባርረው ከረምህ? ኩበቱን በመኪናዬ ያስጫንኸኝስ?»

ራሕሚም «ጢስ እስካልኖረው ድረስ እኔ እስማማለሁ» አለና ወጣ። ዮኬቤድ ዱባዋን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ መቀነቷን አጠበቀች።

ለጸሎት ወደ ምኩራብ ሄድሁ። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለመመለስ ቆምሁ። የጸሎቱን ቃል አፌ እንጂ እኔ አላልሁትም። ስመለስ ገና ብርሃን ነበር፤ ግንቡ ባዶ ነው። ጃርት በቀን አይወጣም፤ ይህን አውቃለሁ። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።

ዕድሜዬን በክፍል ውስጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ማን ነው ብሎ መጠየቅ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሮ መጻፍ የሚገባበትም ጊዜ አለ። ይህን ደብዳቤ የያዘችው ዮኬቤድ ናት። ከደብዳቤው ሌላ ምን እንደያዘች አልጠየቅኋትም። አንቺም ብትጠይቂያት ለኔ አትጻፊልኝ።

ሹራቡ ላይ የተጻፈው የጋሊት ልጅ የሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት ስም ነው። ትርጉሙ «ጎጆ» ነው በያት።

ወንድምሽ አንዳርጌ


ወይናምባ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ አንዳርጌ፣

የያዝነው ክረምት በሰላም አልፎ፣ የአንቱም የዕረፍት ዓመት በሰላም ወጥቶ፣ መሬትዎ እንደገና ማረሻዎን ትወቀው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሁት ምን እንደምጽፍልዎ እስካውቅ ነው። ዮኬቤድ ያመጣችልኝን አልነግርዎትም፤ አትጻፊልኝ ብለዋላ። እኔም አልጠየቅኋት። እንዲሁ ልትቀመጥ ስትል የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና «ከመንገድ ያነሣሁት ነው» ብላ እጄ ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ ወዲያ ስለ እህቷ ሕመም አወራን።

ይኸው ሐረጉ አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ቅጠሉ የናቶቻችን ነው፣ ያ ነጭ ነጭ ያለበት። ፍሬ ይዟል። እኒያ እናት ሰኔ ላይ ልጆቹን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከዘሩ ግማሹን ቋጥሬላቸዋለሁ። ትንሿ ልጅ ሹራቡን ለብሳ «ጎጆ፣ ጎጆ» እያለች ሄደች። ቤቱ ጭር ብሎብኛል። የልጆቹ ጩኸት አስለምዶኝ አሁን የራሴ ኮቴ ያስደነግጠኛል።

ዓመትዎ ሲወጣ ዘር ከኔ ወደ አንቱ ይሄዳል። ከኤሊራን ያርቁት። ወይም ለብቻው ቆልተው ይስጡት፣ እሱም ከሕዝብዎ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስጨንቆኛል፤ እውነቱንም እጽፋለሁ። ትናንት ጠዋት ጦጣ መጣ። የምር ጦጣ ነው ጋሼ፣ ጭራ ያለው። ከነቤተሰቡ ነው፤ አሮጌው አጥሩ ላይ ተቀምጦ ያያል፣ ወጣቶቹ ይበላሉ። አንዱን ለጋ ዱባ ነክሶ ወረወረውና ፍሬውን መሬት ላይ በተነው፣ አንቱ እንዳሉት። ድንጋይ አንሥቼ ሮጥሁ። ደርሼ ሳየው አሮጌው አልሸሸም፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። በጥቅምቱ ደብዳቤዬ በስሙ ያሳበብሁትን ሁሉ ያወቀ ይመስል ነበር። ድንጋዩን ጣልሁት።

ዛሬም ተመልሷል። ይህን ስጽፍልዎ በመስኮቱ ይታየኛል። መምህር ነዎት፣ መላ ይንገሩኝ። ጢሱን ግን አይበሉኝ።

እህትዎ ሀረግ